አይጧ ስንት በላች? መኖና ክብደት የላብ ሙከራችሁን እንዳያበላሹ

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን ከፈተችልኝ። የአንድ ተክል ቅጠል ክብደት ይቀንስ እንደሆነ በአይጦች ላይ ስትሞክር ከርማለች። ግራፉ ያምራል። ከፍተኛውን ዶዝ የወሰዱት አይጦች በአራት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉን ካልወሰዱት ማነጻጸሪያዎች፣ ከኮንትሮሎቹ፣ በግልጽ ቀለዋል። "ስንት ግራም መኖ በሉ?" ብዬ ጠየቅኋት። አልመዘነችም። ቅጠሉን አድርቃ፣ ፈጭታ፣ ከመኖው ጋር ለውሳ ነበር የምትሰጣቸው። ቅጠሉ ደግሞ እንደ እሬት የሚመር ነው።

እንግዲህ አይጦቹን ያከሳቸው መድኃኒቱ ነው ወይስ ረሃቡ? ከዚያ ዳታ መለየት አይቻልም። የአራት ሳምንት ድካም፣ የ30 እንስሳት ሕይወት፣ ያለቀ በጀት። በጣም ያሳዘነኝ ነገሩ በአንድ ሚዛንና በአንድ ደብተር ሊድን ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእሷና ዘንድሮ ፕሮፖዛል ለሚያስገቡ ጓደኞቿ ነው።

ስለ ስም አንድ ነገር ልበል። አማርኛ ትንሿንም ትልቁንም አይጥ ይላል። እዚህ አይጥ ስል ላብ ውስጥ ማይስ የምንላትን ትንሿን ነው። ትልቁን አይጠ መጎጥ እለዋለሁ።

ኮንትሮሉም ላይ የሆነ ነገር አለ

ኮንትሮል ማለት ምንም ያልተደረገበት እንስሳ ይመስለናል። ግን ተደርጎበታል። ጠባብ ኬጅ ውስጥ ተቀምጧል። መኖው ቀንም ሌሊትም አፉ ሥር ነው። የሚሮጥበት ቦታ የለውም። እንዲህ የሚኖር እንስሳ ይወፍራል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ክላይቭ ማኬይና ባልደረቦቹ በ1935 እ.ኤ.አ. ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባሳተሙት ሥራ፣ ካሎሪ የተቀነሰባቸው፣ ቫይታሚንና ማዕድን ግን ያልጎደለባቸው አይጠ መጎጦች እንደልባቸው ከሚበሉት ረዘም ያለ ዕድሜ ኖሩ። በኋላም በሁለት ዓመት የመርዛማነት ምርመራዎች ላይ፣ እንደልባቸው በልተው የወፈሩ አይጠ መጎጦች ጡታቸውና ፒቱታሪያቸው (አንጎል ሥር ያለች ሆርሞን አመንጪ) ላይ ዕጢ እንደሚበዛባቸው፣ ኩላሊታቸው እንደሚጎዳ፣ ቀድመውም እንደሚሞቱ ታየ። በ2010 እ.ኤ.አ. ማርክ ማትሰንና ባልደረቦቹ ነገሩን አፍረጥርጠው ጻፉት። የተለመደው የላብ ኮንትሮል ወፍራም፣ እንቅስቃሴ የሌለው፣ የስኳር አጠቃቀሙ የተዛባ እንስሳ ነው አሉ። አንድ መድኃኒት እንዲህ ባለ እንስሳ ላይ ቢሠራ ጤናማውን ይጥቀም አይጥቀም አይታወቅም።

ይህን ስል ሁሉንም አስርቡ ማለቴ አይደለም። በጥቂት ሳምንታት ሙከራ እንደልብ መመገብ የተለመደ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነው የምሠራው። የምለው መኖና ክብደትን ልክ እንደ ዶዛችሁ ቁጠሯቸው ነው። ይመዘኑ፣ ይጻፉ።

1. መኖውን ከእንስሳቱ በፊት ጨርሱ

ቀመሩ የታወቀ መኖ ማግኘት ከቻላችሁ እሰየው። በብዛት የሚጠቀሰው ኤአይኤን-93 ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሁለት ዓይነት አለው፦ "ጂ" ለሚያድጉና ለሚወልዱ እንስሳት፣ 7 በመቶ የአኩሪ አተር ዘይት ያለው፤ "ኤም" ላደጉት፣ ዘይቱ 4 በመቶ የሆነ። ካልሲየማቸው 0.5 በመቶ ነው። ይህን የመጨረሻ ቁጥር ያዙልኝ።

እዚህ ግን አብዛኞቻችን የምንጠቀመው የዶሮ መኖ ነው። ወይም በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ አኩሪ አተርና የዓሣ ዱቄት ወፍጮ ቤት አስፈጭተን እናቀላቅላለን። በዚህም ጥሩ ሥራ ይሠራል። ምን እንዳለበት ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ አትግዙ። ዶሮዋ ቅርፊት ስለምትሠራ መኖዋ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ይጨመራል። ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ይደርሳል። ቅድም ከያዛችሁት ቁጥር ጋር አስተያዩት። ሰባት፣ ስምንት እጥፍ ነው! ካልሲየም እንዲህ ሲበዛ ዚንክ፣ ብረትና ማግኒዚየም በደንብ አይመጠጡም። ስለ ደም ማነስ ወይም ስለ ኩላሊት የምታጠኑ ከሆነ ደግሞ ሙከራው ሳይጀመር ተበላሸ ማለት ነው። የዶሮ መኖ ግድ ከሆነ የቄብ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ መድኃኒት አለበት ወይ የሚለው ነው። የጫጩትና የቄብ መኖ ላይ ኮክሲዲያ የተባለውን የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ የሚከላከል መድኃኒት መጨመር የተለመደ ነው። አምፕሮሊየም ለምሳሌ ከቫይታሚን ቢ1 ጋር ስለሚመሳሰል የቫይታሚኑን ቦታ ይሻማል። ሰልፋ የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የገባበት መኖም ይኖራል፤ ሰልፋ ለወባ ተመራማሪ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ሻጩን በግልጽ ጠይቁት። "መድኃኒት ያልገባበት" የሚል ነገር በጽሑፍ ካልሰጣችሁ ራሳችሁ አስፈጩ።

ሦስተኛው ለሆርሞንና ለመራቢያ ጥናት ብቻ ነው። አኩሪ አተር ኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) መሰል ውሁዶች አሉት። የማኅፀን ክብደት እየለካችሁ በአኩሪ አተር የበለጸገ መኖ አታብሉ።

ከዚያ አስሉና ለሙሉ ሙከራው የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ግዙ። አንዲት አይጥ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ትበላለች። አይጠ መጎጥ ለእያንዳንዱ 100 ግራም ክብደቱ 5 ግራም ገደማ ይበላል። 30 አይጦችን አንድ ሳምንት አላምዳችሁ አራት ሳምንት ብትሠሩ 35 ቀን ነው። 30 በ5 በ35 ሲባዛ 5,250 ግራም። የሚፈሰውን ጨምራችሁ 8 ኪሎ ያዙ። ከዚያ ላይ ግማሽ ኪሎ አውጥታችሁ፣ የተገዛበትን ቀን ጽፋችሁ፣ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ነገ የሚጠራጠር ሰው ቢመጣ የሚመረመር ነገር አላችሁ።

በአንድ ጊዜ ግዙ የምለው ከደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ ሙከራው ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው መኖ አለቀብኝና ከሌላ ሱቅ አዲስ ጆንያ አመጣሁ። በሦስት ቀን ውስጥ የሁሉም ኬጅ ክብደት፣ የኮንትሮሉም ጭምር፣ አንድ ላይ ወደ ታች ታጠፈ። ቀለሙ ያው ነበር። ሽታውም ያው። ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ዳታ ሁሉ ጣልኩት።

2. ቅቤ ጨምራችሁ "ባለ ከፍተኛ ስብ" አትበሉት

ይህ ስህተት ብዙ ስለሚያጋጥመኝ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ውፍረት ወይም ስኳር የሚያጠና ተማሪ ተራውን መኖ ይወስድና 30 በመቶ ንጥር ቅቤ ይለውስበታል። ኮንትሮሉ ተራውን ይበላል። ልዩነቱ ስቡ ብቻ ይመስላል። አይደለም።

እንስሳ በአብዛኛው የሚበላው ለኃይሉ ነው፣ ለግራሙ አይደለም። ተራው መኖ 18 በመቶ ፕሮቲን አለው፣ በግራም 3 ካሎሪ ይሰጣል እንበል። (ካሎሪ ስል ትልቁን፣ ኪሎ ካሎሪ የሚባለውን ነው።) አይጧ በቀን 12 ካሎሪ ብትፈልግ 4 ግራም ትበላለች። ከዚያም 0.72 ግራም ፕሮቲን ታገኛለች። አሁን 70 ግራም መኖ ላይ 30 ግራም ስብ ጨምሩ። ስብ በግራም 9 ካሎሪ ነው። 210 ሲደመር 270፣ 480 ካሎሪ ሆነ። በግራም 4.8 ማለት ነው። አይጧ 12 ካሎሪዋን ከ2.5 ግራም ታገኛለች። ፕሮቲኑ ወደ 12.6 በመቶ ወርዷል። ስለዚህ የምታገኘው 0.315 ግራም ነው።

ከግማሽ በታች! ቫይታሚኑም ማዕድኑም እንደዚያው ቀንሷል። ስብ አበላኋት ብላችሁ ፕሮቲን አስርባችኋታል። የምታዩት የጉበት ለውጥ ከየትኛው እንደመጣ ማን ያውቃል?

መፍትሔው ሁለቱንም መኖ ከባዶ መሥራት ነው። ፕሮቲኑ፣ ቫይታሚኑና ማዕድኑ ለአንድ ካሎሪ ሲሰላ በሁለቱም እኩል ይሁን። የሚለዋወጡት ስቡና ስታርቹ ብቻ ይሁኑ። በገበያ ያለ ባለ ከፍተኛ ስብ መኖ ብታገኙም ኮንትሮሉን በዚያው ቀመር የተሠራ ባለ ዝቅተኛ ስብ መኖ አብሉት እንጂ የቄብ መኖ አትስጡት። ስትጽፉም "60 በመቶ ስብ" ብቻ አትበሉ። ከካሎሪው ነው ወይስ ከክብደቱ? 60 በመቶ ካሎሪው ከስብ የሆነ መኖ በክብደት ሲመዘን ስቡ 35 በመቶ ገደማ ነው።

3. ማከማቻና ክፍል

መኖ መሬት ላይ አታስቀምጡ። ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ፣ ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ። ሐዋሳ ክረምቱ እርጥብ ነው። በቆሎና ኦቾሎኒ በእርጥበት ይሻግታሉ፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን ሊያመነጭ ይችላል። አፍላቶክሲን የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የተበከለ የኦቾሎኒ ፋጉሎ የበሉ የቱርክ ዶሮዎች በብዛት ካለቁ በኋላ ነው። ጉበትን ይመርዛል። የጉበት መድኃኒት እየሞከራችሁ ጉበት የሚመርዝ መኖ እንዳታበሉ። ሻጋታው ቢነፋ፣ ቢታጠብ፣ ቢሞቅ መርዙ አይጠፋም። የሻገተ ይጣል።

የክፍሉ ሙቀት ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን፣ በተቻለ መጠንም አይዋዥቅ። አይጥ የምትመቸው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ራሷን ለማሞቅ ተጨማሪ ትበላለች። በኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የመኖ ፍጆታ ሲጨምር የምታዩት ለዚህ ነው። ብቻዋን የምትኖር አይጥ ተጠግታ የምትሞቅበት ጓደኛ ስለሌላት የበለጠ ትበላለች። ስለዚህ አንዱን ቡድን ለየብቻ፣ ሌላውን በጋራ አታስቀምጡ። ሰጋቱራውም ለሁሉም እኩል ይሁን።

መብራት ደግሞ ብዙዎች የሚረሱት ነው። አይጥ በብዛት የምትበላው በጨለማ ነው። ጥበቃው ሌሊት ገብቶ መብራቱን ሳያጠፋ ቢሄድ የዚያ ሌሊት መኖ ይቀንሳል፤ ጠዋት ክብደቱ ላይ ታዩታላችሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ብርሃን፣ ከዚያ ጨለማ። በሩ ላይ ጻፉበት።

ውሃ የሚያወርደው ቱቦ ሲዘጋ እንስሳው መብላት ያቆማል። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱን ጠርሙስ ገልብጣችሁ በጣታችሁ ነካ አድርጉት። ጠብ ካላለ ቀይሩት።

4. አመዛዘን

እንስሳቱ ከመጡ በኋላ ቢያንስ አምስት ቀን፣ ቢቻል ሳምንት ይላመዱ። በዚህ ጊዜም መዝኗቸው። ሲጓጓዙ የቀለሉት ክብደታቸውን መልሰው ሳይሞሉ ሙከራ ብትጀምሩ "ክብደት ጨመሩ" የምትሉት የመንገዱን ማካካሻ ይሆናል።

ለአይጥ 0.1 ግራም፣ ለአይጠ መጎጥ 1 ግራም የሚያነብ ሚዛን ይበቃል። ጠረጴዛው የማይነቃነቅ ይሁን። ጠዋት ከመጀመራችሁ በፊት ክብደቱ የሚታወቅ ነገር መዝኑበት። እኔ የ50 ግራም መመዘኛ ብረት አለኝ፤ ከሌላችሁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ የብረት ቁራጭ ያዙ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሚዛኑ ዜሮውን ሊስት ይችላል፤ እንደገና ፈትሹት።

ሰዓቱ ቁልፍ ነው። አይጧ ሌሊቱን በልታ ስታድርና ቀኑን ተኝታ ስትውል በሚዛን ላይ አንድ ግራምና ከዚያ በላይ ልዩነት ሊኖራት ይችላል። ለ25 ግራም እንስሳ ይህ 4 በመቶ ነው። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ሐሙስ ከሰዓት 10 ሰዓት ብትመዝኑ የምታዩት "ለውጥ" የሆዷ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ካላችሁ ሁልጊዜ 3 ሰዓት። የኬጆቹን ቅደም ተከተል ግን ቀያይሩ፤ ሁልጊዜ ኮንትሮሉ መጀመሪያ፣ ከፍተኛው ዶዝ መጨረሻ አይሁን።

በጭራዋ አንጠልጥላችሁ ሚዛን ላይ አትጣሏት። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ ዜሮ አድርጉት። አይጧን በመዳፋችሁ አፍሳችሁ አስገቧት። ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። የተንቀጠቀጠ ቁጥር አትጻፉ። ሸንታ ከሆነ ዕቃውን ጠርጋችሁ እንደገና ዜሮ አድርጉ።

5. በክብደት መድቡ

አይጦችን ከኬጅ እያወጣችሁ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ለኮንትሮል፣ ቀጣዮቹን ስድስት ለሌላው አታድርጉ። ቶሎ የምትያዘው ብዙ ጊዜ ወፍራሟ ወይም ፈዛዛዋ ነች። ሁሉንም መዝኑ። ከከባድ ወደ ቀላል ደርድሩ። አምስት ቡድን ካላችሁ ከላይ አምስት አምስት እያደረጋችሁ ቁረጡ። በእያንዳንዱ አምስት ውስጥ ዕጣ አውጡ። እንዲህ ሲሆን የሁሉም ቡድን አማካይ ክብደት ይቀራረባል። ወንድና ሴትን ለየብቻ ሥሩ። የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የምርመራ መመሪያዎች ሲጀመር የእያንዳንዱ እንስሳ ክብደት ከአማካዩ ከ20 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ይላሉ። እኔ 10 በመቶ ላይ ለማቆም እሞክራለሁ፤ ትንሽ ቡድን ይዞ ሰፊ ልዩነት መሸከም ከባድ ነው።

6. ዶዙ ከዛሬ ክብደት ይሰላ

ዶዝ 200 ሚሊግራም በኪሎ ነው እንበል። 20 ግራም የምትመዝነው አይጥ 4 ሚሊግራም፣ 30 ግራም የምትመዝነው 6 ሚሊግራም ትወስዳለች። ፈሳሹ በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ቢይዝ 0.2 እና 0.3 ሚሊሊትር ነው። "አማካይ ነው" ብላችሁ ለሁሉም 0.25 ብትሰጡ ትንሿ 250፣ ትልቋ 167 ሚሊግራም በኪሎ ወሰዱ ማለት ነው። አንድ ቡድን ውስጥ ሁለት ዶዝ! የመጀመሪያው ቀን ክብደት ላይ ተመሥርታችሁ ወር ሙሉ አንድ መጠን መስጠትም ያው ስህተት ነው። ቢያንስ በየሳምንቱ አስተካክሉ።

ከመኖ ጋር ከለወሳችሁት ደግሞ ዶዙን የምትወስነው አይጧ ራሷ ነች። ኪሎ መኖ ውስጥ 1,000 ሚሊግራም ብታደርጉ፣ 25 ግራም የሆነችና 4 ግራም የበላች 160 ሚሊግራም በኪሎ ታገኛለች። 12 ግራም የሆነች ታዳጊ 3 ግራም ብትበላ 250 ታገኛለች። የሚመር ነገር ከሆነ በቱቦ በቀጥታ ወደ ጨጓራ ይሰጥ። ቱቦ ምሬቱን ያልፋል እንጂ የሆድ መታወክን አያስቀርም። ስለዚህ መኖው አሁንም ይመዘናል።

7. የበሉትን መዝኑ

መኖውን ሰጥታችሁ መዝግቡ። በ24ኛው ሰዓት የቀረውን መዝኑ። ልዩነቱ የተበላው ነው ማለት ግን ችኮላ ነው። አይጥ ትጫወትበታለች፤ ትፈጫለች፤ ሰጋቱራ ውስጥ ትበትናለች። አንዳንዷ ከበላችው በላይ ታፈሳለች። ፍርፋሪውን በወንፊት አበጥራችሁ፣ ከሽንት የራሰውን አድርቃችሁ መዝኑና ቀንሱ። ዱቄት መኖ ለዚህ ሥራ ጠላት ነው። በትንሽ ውሃ አቡክታችሁ፣ ቅርጽ ሰጥታችሁ፣ አድርቃችሁ ስጡ፤ ፍሳሹ በጣም ይቀንሳል።

አራት አይጦች በአንድ ኬጅ ካሉ የምታውቁት የኬጁን ፍጆታ እንጂ የእያንዳንዷን አይደለም። ለአራት አካፍላችሁ አራት ዳታ አታድርጉት። አንድ ኬጅ፣ አንድ ቁጥር።

የበዓል ቀን ዕቅድ ይኑራችሁ። ለፍቼ ጨምበላላም ሆነ ለፋሲካ ሠራተኛው ሲያርፍ የሁለትና የሦስት ቀን መኖ አንድ ላይ ይሞላል። የሚያጠጣውና የሚመዝነው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ አለበለዚያ በዚያ ሳምንት መስመራችሁ ላይ ጉድጓድ ይኖራል።

8. ጥንድ አመጋገብ

ለዚያች ተማሪ የነገርኳት ይህንን ነው። ኤክስትራክቱ (ከተክሉ የወጣው ጭማቂ) የምግብ ፍላጎት ሊዘጋ ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አንድ ተጨማሪ ቡድን ያዙ። ይህ ቡድን መድኃኒቱን አይወስድም፤ መሟሟያውን ብቻ በቱቦ ያገኛል። መኖው ግን መድኃኒት የሚወስደው ቡድን ትናንት በበላው ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ዘግይቶ ይጀምራል።

ማክሰኞ የመድኃኒቱ ቡድን በአማካይ 2.8 ግራም በላ እንበል። ረቡዕ የጥንዱ እንስሳ 2.8 ግራም ተመዝኖ ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። የራበው እንስሳ ሁሉንም በጥቂት ሰዓት ጨርሶ የቀረውን ጊዜ ጾሙን ይውላል። ጠዋት ላይ ደሙን ብትወስዱ የምትለኩት የጾመኛ ደም ነው። ስለዚህ ለሁለት ክፈሉት። ትንሹን ጠዋት፣ ትልቁን ማታ 12 ሰዓት፣ ጨለማው ሊገባ ሲል።

ንባቡ እንዲህ ነው። የጥንዱ ቡድን ከመድኃኒቱ ቡድን ጋር እኩል ከቀለለ ያከሳቸው የመኖ ማነስ ነው። የመድኃኒቱ ቡድን ከጥንዱ በላይ ከቀለለ ግን ሌላ ነገር አለ። ምግቡ አይመጠጥም፣ ወይም ኃይል ይባክናል፣ ወይም መድኃኒቱ ይመርዛል። ያኔ ጥናቱ ይጣፍጣል።

9. ጾም

አይጠ መጎጥ ዶዝ ከመውሰዱ በፊት ሌሊቱን ይጾማል፤ ለአይጥ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይበቃል። አይጧን ሌሊቱን ሙሉ ብታስጾሟት እስከ 15 በመቶ ገደማ ክብደቷን ልታጣ ትችላለች። ጉበቷ ያከማቸው ስኳር፣ ግላይኮጅን፣ ያልቃል። ለስኳር ምርመራ ከጠዋት ጀምሮ የ6 ሰዓት ጾም በቂ ነው። ሰጋቱራውንም ቀይሩ፤ አለበለዚያ የወደቀ ፍርፋሪና የራሷን ኩስ ትበላለች። ውሃ አትከልክሉ። ዶዙን የምታሰሉት ከጾሙ በኋላ በመዘናችሁት ክብደት ነው።

10. ወባ ለምትሠሩ

እኛ አገር የመድኃኒት ተክል ጥናት ላይ የአራት ቀኑ ሙከራ የተለመደ ነው። አይጧ በአይጦች የወባ ተሕዋስ፣ በፕላዝሞዲየም በርጊ፣ ትለከፋለች፣ አራት ቀን ኤክስትራክት ትወስዳለች፣ በአራተኛው ቀን ፓራሲቲሚያው (ደሟ ውስጥ ያለው የተሕዋስ መጠን) ይቆጠራል። ክብደትም በዜሮኛውና በአራተኛው ቀን ይለካል። የሚለካው ክብደት ብቻ መሆኑ ነው የሚያሳስበኝ። መኖ የሚለካ ጥቂት ነው።

ለምን እንደሚያሳስበኝ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1952 እ.ኤ.አ. ሊቨርፑል ውስጥ ብራያን ሜግሬይዝና ባልደረቦቹ ወተት ብቻ የሚመገቡ አይጠ መጎጦች ላይ በርጊ እንደማይራባ አሳዩ። ወተት ወባ ያድናል ማለት ነው? ብዙም ሳይቆይ ፍራንክ ሆኪንግ ምክንያቱን አገኘው። ተሕዋሱ ለመራባት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን፣ ፎሌትን፣ የሚሠራው ፓራ አሚኖ ቤንዞይክ አሲድ ከሚባል ነገር ነው፤ ወተት ደግሞ በእሱ ድሃ ነው። ያንን ንጥረ ነገር ሲጨምሩበት ተሕዋሱ ተመልሶ ተራባ።

ሰልፋ መድኃኒቶች የሚሠሩት ይህንኑ መንገድ በመዝጋት ነው። የወባ መድኃኒቱ የፋንሲዳር አንዱ ክፍል ሰልፋ እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ሰልፋ የገባበት የዶሮ መኖ የምትበላ አይጥ ሳታውቁት ታክማለች። ኮንትሮላችሁ ላይ ፓራሲቲሚያው አልወጣ ካለ መጀመሪያ መኖውን ጠርጥሩ። ቫይታሚን ኢ የጎደለው መኖም አይጥ ላይ ወባውን ያዳክማል። ካሎሪ ራሱ ሲቀነስ የበሽታው አካሄድ ይለወጣል። እንግዲህ ኤክስትራክታችሁ የምግብ ፍላጎት ዘግቶ ከሆነ "ፓራሲቲሚያ ቀነሰ" የሚለው ውጤት ከፊሉ የረሃቡ ሊሆን ይችላል። ያልተለከፈ ኮንትሮል ጨምሩ። የኬጁን መኖ በየቀኑ መዝኑ። አራት ቀን ብቻ ነው፤ አይከብድም።

11. መቼ ይቆማል፣ እንዴት ይነበባል

እንስሳው ከመነሻ ክብደቱ 20 በመቶ ከቀነሰ ከሙከራው አውጡት። ሥቃዩ ይብቃ። የምታድግ እንስሳ ላይ ግን ከመነሻው ጋር ብቻ አታወዳድሩ። የስድስት ሳምንት አይጥ ክብደቷ ባለበት ከቆመ ጓደኞቿ እያደጉ እሷ ቀርታለች ማለት ነው። ከእኩዮቿ ኮንትሮሎች ጋር አስተያዩ።

ሚዛን ደግሞ ይዋሻል። ሆዷ ውሃ የቋጠረ ወይም ዕጢ የያዘች አይጥ ክብደቷ ሳይቀንስ ሥጋዋ ያልቃል። ሌባ ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ በጀርባዋ ታች፣ በዳሌዋ ላይ አሂዱ። ጤነኛ ከሆነች አጥንቱ ሥጋ ለብሶ ይሰማችኋል፤ ትንሽ ጫን ስትሉ ብቻ ታገኙታላችሁ። ከከሳች አጥንቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ጣታችሁ ሥር ይቆጠራል። ከወፈረች ጭራሽ አታገኙትም። ይህን ከ1 እስከ 5 ነጥብ እየሰጣችሁ ከክብደቱ ጎን ጻፉ።

የመጨረሻው የአካል ክፍሎች ክብደት ነው። ሁሉም ሰው ከሰውነት ክብደት በመቶኛ ያሰላል። የ300 ግራም አይጠ መጎጥ አንጎል 2 ግራም ቢሆን 0.67 በመቶ ነው። መኖ ቀንሶ 250 ግራም ቢሆን አንጎሉ ያው 2 ግራም ነው፤ አንጎል በቀላሉ አይከሳም። መቶኛው ግን 0.8 ሆነ። "መድኃኒቱ አንጎል አሳበጠ" ብሎ የሚጽፍ ሰው አይቼ አውቃለሁ። ስለዚህ ግራሙንም መቶኛውንም አቅርቡ። የሰውነት ክብደት በቡድኖች መካከል ከተለያየ የአካል ክፍሉን ከአንጎል ክብደት ጋር በማነጻጸርም አሳዩ።

ዘዴ የሚለው ክፍላችሁ ላይ "መደበኛ መኖና ውሃ እንደልብ ተሰጥቷቸዋል" ብላችሁ አትለፉ። የመኖውን ቅንብር፣ ከየት እንደተገዛ፣ በአንድ ጊዜ መገዛቱን፣ በአንድ ኬጅ ስንት እንስሳ እንደነበረ፣ የመመዘኛውን ሰዓት፣ የጾሙን ርዝመት፣ የየሳምንቱን ክብደትና ፍጆታ ከእነ መለያየቱ አስገቡ። ተማሪዋ ሙከራውን እንደገና ልትጀምር ነው። አሁን አራት ቡድን ይዛለች፣ አራተኛው የጥንዱ ነው። መኖውን ባለፈው ሳምንት አስፈጭታ ግማሽ ኪሎውን ፍሪዘር አስገብታለች።